የተረፈው ቍራሽ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾም ሲገባ እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው የታወቀ ነው። ምን ይበላል፣ ምን አይበላም፣ እስከ ስንት ሰዓት ይጾማል፣ ዓሣስ ይፈቀዳል ወይ እንባባላለን። መጠየቁ መልካም ነው፤ ሥርዓት ነውና። ዳሩ ግን በየጓዳችን ማንም የማያነሣው አንድ ጥያቄ አለ። ሳይበላ የቀረውስ እንጀራ ወዴት ሄደ?

በጾም ወራት በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ያልተበላ ምግብ ይገኛል። አንደኛው ስለ እግዚአብሔር ብለን የተውነው ነው። ሁለተኛው ከልክ በላይ ጋግረን፣ ከልክ በላይ ወጥ ሠርተን፣ ሲሻግትና ሲበላሽ የጣልነው ነው። ሁለቱም ወደ አፍ አልገቡም። የመጀመሪያው መሥዋዕት ይባላል። ሁለተኛውን ምን እንበለው? «በገንዘቤ የገዛሁት ነው፤ ብጥለው ማንን በደልሁ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ይህን አሳብ ሳንቸኩል እንመርምረው።

1ኛ. ከተአምር በኋላ የመጣ ትእዛዝ

ጌታችን ከገሊላ ባሕር ማዶ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ አበርክቶ አምስት ሺህ ወንዶችን እንደመገበ ሁላችንም እናውቃለን (ዮሐ. 6፥1-13)። ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መበርከቱን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ትእዛዝ ግን እንዘነጋዋለን። ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የተረፈውን ቍርስራሽ እንዲሰበስቡ፣ ከእርሱም ምንም እንዳይጠፋ አዘዛቸው። እነርሱም ሰብስበው አሥራ ሁለት መሶብ ሞሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ከአምስት እንጀራ ሺዎችን የሚያጠግብ አምላክ ቍርስራሽ ምን ያደርግለታል? ነገ ቢያስፈልግ ነገ ያበረክታል። እንደ እኛ «ነገ ምን እበላለሁ» ብሎ አይሰጋም። እንግዲህ ትእዛዙ ከእጥረት የመጣ አይደለም። ያ እንጀራ ከአብ ዘንድ በምስጋና የተቀበሉት ስጦታ ስለሆነ ነው። ስጦታን ደግሞ የሚያከብር ሰው የሚበቃውን ያህል ወስዶ የቀረውን መሬት ላይ አይተውም። እንጀራውም የገብስ ነበር፤ የድሃ እንጀራ ማለት ነው። «ጤፍ ቢሆን ኖሮ ባልጣልሁት፤ ይህማ ተራ ነገር ነው» የሚያሰኝ በር በዚያ ተዘግቷል።

ቅዱስ ማርቆስም አንድ ነገር ይጨምርልናል። ከዚያ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ ሲሄዱ እንጀራ መያዝ ረስተው ከአንድ በቀር አልነበራቸውም፤ ተጨነቁም። ያን ጊዜ ጌታ ያስታወሳቸው ስንት ሰው እንደበላ ብቻ አልነበረም። ከቍርስራሹ ስንት መሶብ እንዳነሡ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ቍጥሩን በቃላቸው መለሱ (ማር. 8፥14-20)። የሰበሰቡት ትራፊ የእምነታቸው ማስታወሻ ሆነ። የጣሉት ቢሆን ኖሮ ምን ይቆጥሩ ነበር?

2ኛ. በአንድ እንጀራ ላይ ስንት ሰው አለ?

መሶቡን ከፍተን የምናየው አንድ ክብ እንጀራ ነው። የመጣበትን መንገድ ግን እንመልከት። የጤፍ ማሳ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ሦስት አራት ጊዜ ይታረሳል። ገበሬው በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይዘራል፤ ይታረማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በማጭድ ይታጨዳል፤ በአውድማ ላይ ይወቃል፤ ከነፋስ ጋር ይመረታል። የጤፍ ፍሬ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ናት። ከዚያ ጫኝ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ወፍጮ አለ። ከዚያም እናት ወይም እኅት ታቦካለች፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ አብሲት ይጣልበታል፤ ምጣድ ይሞቃል፤ በጭስና በወላፈን መካከል ይጋገራል።

ይህ ሁሉ ድካም ገብቶበት የተጋገረው እንጀራ በአምስተኛው ቀን ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሎ ሲወጣ፣ የተጣለው ዱቄት ብቻ አይደለም። የገበሬው ላብ፣ የበሬው ድካም፣ የእናት ዕንቅልፍ፣ እንጨቱ ወይም መብራቱ፣ ውኃውም አብሮ ወጥቷል። አባቶቻችንና እናቶቻችን እንጀራ አይረገጥም የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓ.ም. ረኃብ ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ቍራሽ ከመሬት አንሥተው አራግፈው የሚያስቀምጡ አረጋውያንን አይተን እንሥቅ ይሆናል። እነርሱ ግን የሚያስታውሱት አለ።

እኔም በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር አኮፋዳ ይዘን በየደጁ እንቆም ነበር። የምናገኘው ቍራሽ አንዱ ከነጭ ጤፍ፣ አንዱ ከማሽላ፣ አንዱ ከገብስ ነው። የዕለቱን በልተን የቀረውን በድንጋይ ላይ አስጥተን እናደርቀዋለን፤ ኮቾሮ እንለዋለን። ዝናብ ሲበረታና ወደ መንደር መውረድ ሲያቅት ያን በውኃ አርሰን እየበላን ዳዊት እንደግም ነበር። በሀገራችን ስንትና ስንት ሊቃውንት በዚህ ኮቾሮ አድገዋል! ከአንዲት እናት መሶብ የተረፈ ቍራሽ የቤተ ክርስቲያን መምህር አሳድጓል ማለት እኮ ነው።

3ኛ. «በገንዘቤ ነው» ለሚል

ገንዘቡ የደከምንበት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጌታ በሉቃስ ወንጌል ስለ አንድ መጋቢ ተናግሯል (ሉቃ. 16፥1)። ይህ ሰው የተከሰሰበትን ነገር አስተውሉ። በክሱ ላይ የተጠቀሰው ስርቆት አልነበረም፤ የጌታውን ገንዘብ መበተኑ፣ ማባከኑ ነበር። ያባከነ ሰውም ሒሳብ ይጠየቃል ማለት ነው። የገብር ኄር ዕለት የምንሰማው ምሳሌም ይህንኑ ያጸናል (ማቴ. 25፥14-30)። መክሊቱ የባለቤቱ ነው፤ አገልጋዩ ያዥ ነው።

የጠፋው ልጅም ታሪክ ቅደም ተከተል አለው (ሉቃ. 15፥13-16)። መጀመሪያ አባከነ፤ ቀጥሎ ረኃብ መጣ፤ በመጨረሻ አሳማ የሚበላውን ዐሰር ተመኘ። አስቀድሞ በአባቱ ቤት ሞልቶ ሳለ እንጀራ ዋጋ ያለው አይመስለውም ነበር። ዋጋውን ያወቀው ሲያጣው ነው። እኛ ከእርሱ የምንማረው ሳናጣ በፊት እንድናውቅ ነው።

በአባታችን ሆይ ጸሎትም የምንለምነው የዕለቱን እንጀራ ነው፤ የሳምንት ትርፍ አንለምንም። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲሰበስቡ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር ተመደበለት። ትእዛዙን አልፎ ለነገ ያስቀረ ሰው በማግሥቱ የተላና የሸተተ መና አገኘ (ዘፀ. 16፥16-20)። ልብ በሉ፤ መናው የተበላሸው ሲጣል አይደለም፤ የተበላሸው ከልክ በላይ የተያዘ ዕለት ነው። በቤታችንም እንዲሁ ነው። ብክነት የሚጀምረው በቆሻሻ ቅርጫት አጠገብ አይደለም፤ ገበያ ላይ፣ ዘንቢሉ ሲሞላ ነው። በተለይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ከሆዱ ይልቅ ይራባል። ቲማቲሙንም፣ ሰላጣውንም፣ ዳቦውንም ያነሣል። ማታ ሁለት ጉርሻ ሲጎርስ ይጠግባል፤ የቀረው ይጠወልጋል።

4ኛ. «እኔ ባልጥለውስ ለተራበው ይደርሳል ወይ?»

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ በእውነትም የሚጠይቁት አሉ። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆኜ እንጀራዬን በልቼ ብጨርስ፣ በሩቅ ያለው ርኁብ በምን ይጠግባል?

ጨርሰን በመብላታችን ብቻ እንደማይጠግብ የታወቀ ነው። ነገር ግን የምንጥለው ጤፍ እርሱም በሚገዛበት ገበያ ላይ ተሻምተን የወሰድነው ነው። ደግሞም እንጀራው ባይደርስ ዋጋው ይደርሳል። በቀደመችው ቤተ ክርስቲያን ዘመን የተጻፈውና ወደ ግእዝም የተተረጎመው የሄርማስ መጽሐፍ ስለ ጾም ሲያስተምር፣ ጾመኛው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለድሃ አደግ ወይም ለተቸገረ እንዲሰጥ ይመክራል። እንግዲህ ጾም የምግብ ሰዓትን ወደ ማታ ማሸጋሸግ ብቻ አይደለም። ከእኛ ቀርቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር ሊኖረው ይገባል። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲገልጥ እንጀራን ለተራበ መቍረስንም ጠቅሷል (ኢሳ. 58፥6-7)።

በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በአገሩ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ባለ ጠጎችን ጎተራቸውን እንዲከፍቱ በብርቱ ገሥጿል። የትምህርቱ ፍሬ አሳብ ይህ ነው፤ በቤትህ ያለ ሥራ የተቀመጠው እንጀራ የርኁቡ ነው፤ ሳጥን ውስጥ የታጠፈው ልብስ የታራዡ ነው። ባስልዮስ ይህን የተናገረው ስለተከማቸው ነው። ተከማችቶ ስለሻገተውማ ምን ባለን ነበር!

ነገሩም ትንሽ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 60 እጁ የተጣለው ከመኖሪያ ቤቶች ነው። «ይህ የሀብታም ሀገር ችግር ነው» እንዳንል፣ በሀብታም ሀገሮችና በመካከለኛ ገቢ ሀገሮች መካከል ከየቤቱ በሚጣለው ምግብ ያለው ልዩነት በአንድ ሰው በዓመት 7 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ መሆኑን ያው ሪፖርት ይናገራል።

በእኛም ከተማ የጣልነው ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። የአዲስ አበባን ቆሻሻ ለብዙ ዓመታት የተሸከመው ቆሼ ነው። በዚያ ክምር ላይ የሚበላና የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ወገኖቻችን ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። የሞቱት በእኛ ቍራሽ ምክንያት ነው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መፍረድ አይገባም። ግን አንድ ነገር ያሳየናል። እኛ «የትም አይደርስም» ብለን የምንጥለው ነገር በእርግጥ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ እዚያም ሰው አለ። አልዓዛር ከባለ ጠጋው ማዕድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ይመኝ የነበረው ከደጁ ተኝቶ ነው (ሉቃ. 16፥19-21)።

5ኛ. የፈሰሰ ሁሉ ብክነት ነውን?

እንዲህ ሲባል ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄድ አይጠፋም። እንግዳ ሲመጣ ጉርሻ የሚቆጥር፣ ዝክር ሲደርስ የሚጨነቅ፣ ስስቱን «ቁጠባ» ብሎ የሚጠራ ሰው አለ። ስለዚህ ይህንንም እንለይ።

በስምዖን ዘለምጽ ቤት አንዲት ሴት ብዙ ዋጋ ያለውን ሽቱ በጌታ ራስ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ «ይህ ጥፋት ለምን? ተሽጦ ለድሆች በተሰጠ ነበር» የሚል አሳብ አነሡ። ጌታ ግን ለሴቲቱ ቆመላት፤ መልካም ሥራ ሠርታለች አለ (ማቴ. 26፥6-13)። ዮሐንስ ወንጌላዊም በቢታንያ ስለ ፈሰሰው ሽቱ ሲጽፍ፣ ለድሆች ያዘነ መስሎ የተናገረው ይሁዳ መሆኑን፣ ይህንም ያለው ሌባ ስለነበረ እንደሆነ ይነግረናል (ዮሐ. 12፥4-6)። የቁጠባ ቃል በንፉግ አፍም ሊነገር ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ መለያው የወጣው ነገር ብዛት አይደለም። መለያው ለማን ወጣ የሚለው ነው። አብርሃም ለሦስቱ እንግዶች ሦስት መስፈሪያ ዱቄት አስጋግሮ የሰባ ጥጃ ማረደ (ዘፍ. 18፥6-8)፤ አባከነ አልተባለም። ፍቅር የተቀበለው ነገር አልጠፋም። የሚጠፋው ማንም ያልተቀበለው ነው፤ እግዚአብሔርም፣ እንግዳም፣ ድሃም፣ የቤት ሰውም ያላገኘው። ቈጣቢ ሰው ለራሱ ያሳንሳል፣ ለሌላው ይተርፈዋል። ንፉግ ሰው ከሌላው ያሳንሳል፣ በራሱም ቤት ይሻግትበታል።

6ኛ. ትራፊው በማን ላይ ይውደቅ?

አንድ ሌላ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። በብዙ ቤት ምግብ አይጣልም፤ ያልተጣለው ግን ሌሎች በልተውት አይደለም። እናት «ለእኔ የትናንቱ ይበቃኛል» እያለች ብቻዋን ስለምትጨርሰው ነው። ወይም ትኩሱ ለቤተሰቡ ይቀርብና የሠነበተው ለቤት ሠራተኛዋ ይተውላታል። ይህ ቁጠባ አይባልም፤ ሸክምን ወደ ደካማው ትከሻ ማዞር ነው። የትናንቱ እንጀራ ይበላ ከተባለ አባወራውም፣ ልጆቹም፣ ሠራተኛዋም ከአንድ መሶብ ይብሉት።

ለነዳያንም እንዲሁ። ሽታው የተለወጠ ወጥ፣ ሻጋታ የነካው እንጀራ በላስቲክ ጠቅልሎ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት መስጠት ምጽዋት አይደለም። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት የሚያቀርቡትን «እስቲ ለሹም አቅርበው፤ ደስ ይለዋልን?» በሚል አሳብ ገሥጿል (ሚል. 1፥8)። አንዳንድ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ በእሳት እንኳ አይጠፋም። ላም ብትበላው መርዙ ወደ ወተቷ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አንዴ የሻገተውን መጣል ኃጢአት አይደለም፤ ማንም እናት «እግዚአብሔር ይቆጣኛል» ብላ የተበላሸ አትብላ፤ ለልጇም አትስጥ። ጥፋቱ ከመጣሉ በፊት የነበረው ቸልታ ነው።

ሕገ ኦሪት መልካሙን መንገድ አሳይቶናል። ባለ እርሻው የማሳውን ዳርቻ አጥርቶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል (ዘሌ. 19፥9-10)። አስተውሉ፤ የድሃው ድርሻ የሚለየው እህሉ ገና በማሳ ላይ ደኅና ሳለ ነው። ሩትም በቦዔዝ እርሻ በልታ ከጠገበች በኋላ የተረፋትን ይዛ ሄዳ ለአማቷ ለኑኃሚን ሰጠች (ሩት 2፥14-18)። ትራፊ በዕለቱ ወደ ሰው ሲሄድ ፍቅር ነው። ሲከርም ግን ባለቤት ያጣል።

7ኛ. በዚህ ጾም በጓዳችን ምን እናድርግ?

ከባድ ነገር አይደለም።

- ከመጋገር በፊት ሰው እንቁጠር። የቤቱ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ የሚበላውን ያህል ይጋገር።
- ትኩስ እንጀራ ሳይበርድ ተደራርቦ መሶብ አይከደንበት፤ እንፋሎቱ ያልበውና ቶሎ ያሻግተዋል።
- የሠነበተው ከላይ፣ አዲሱ ከታች ይሁን። የሚተርፍ መሆኑ ከታየ በሦስተኛው ቀን ድርቆሽ ይሁን፤ አምስተኛውን ቀን አንጠብቅ። ድርቆሽ ለፍርፍር፣ ለመንገድም ስንቅ ነው።
- ወጡ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ይብቃው። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ክኩም፣ ጎመኑም፣ ሱፍ ፍትፍቱም በየቀኑ ከተደረደረ ጾሙ የድግስ ስም ለውጥ ይሆናል።
- ለልጆች በትንሹ ይቅረብ፤ ሲጨርሱ ይጨመርላቸው።
- ለድሃ የሚሰጠው ከመቍረሳችን በፊት ከላይ ይነሣ።
- በቅበላ ሰሞን ሥጋውና ወተቱ በልኩ ይገዛ። ለትንሣኤ ዋዜማም እንደዚሁ።
- ከዚህ ሁሉ የተረፈው ገንዘብ በአንድ ሙዳይ ለብቻው ይቀመጥ። በሳምንት ሁለት እንጀራ ትጥል የነበረች ቤት ጾሙ እስኪፈታ 16 እንጀራ ያህል ታተርፋለች። ዋጋው ለአንድ መበለት የትንሣኤ እንጀራ ይሆናል። ይህ ሙዳይ ከሌለ ቁጠባችን ኪሳችንን አድልቦ ይቀራል፤ ጾም ግን አይሆንም።

የተወደዳችሁ! በቅዳሴ ጊዜ ከቅዱስ ቍርባኑ አንዲት ቅንጣት እንዳትወድቅ ካህናትና ዲያቆናት እንዴት እንደሚጠነቀቁ ታያላችሁ። የቍርባኑ ክብር ልዩ ነው፤ ከማዕዳችን ጋር አይነጻጸርም። ነገር ግን ለመሥዋዕት የሚቀርበውን ስንዴ ያበቀለ አምላክ በመሶባችን ያለውንም ጤፍ ያበቀለ እርሱ ነው። ከመቅደስ ስንወጣ ጥንቃቄያችንን ደጅ ላይ ጥለን አንሂድ፤ ጥቂቱን ይዘን ወደ ጓዳ እንግባ።

እንግዲህ የተረፈው ቍራሽ የማን ነው? እስካልተበላሸ ድረስ የተራበው ሰው ነው፤ እኛ ያዦች ነን። ከተበላሸ በኋላ ግን የማንም አይደለም፤ የቀረን ሒሳቡ ብቻ ነው። ሒሳቡ ሳይደርስ፣ እንጀራውም ሳይሻግት፣ ዛሬ ማታ መሶባችንን ከፍተን እንይ።

ጾሙን የምሕረትና የበረከት ያድርግልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።